የሁዋንግ ቢንሆንግን ጥቁር ተራራ በእጅ መሥራት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ ማታ

ሥራው ይሄ ነው። ሹዋን በሚባል የቻይና ወረቀት፣ በአንድ ሙሉ ገጽ ላይ፣ በሁዋንግ ቢንሆንግ አሠራር፣ አንድ ተራራ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ነጥብ መሥራት። ከሥዕሎቹ አንዱን መገልበጥ አልፈለግኩም። ተራራው የራሴ ነው፣ አሠራሩ የሱ ነው። እየሠራሁ ያየሁትን እዚህ እጽፋለሁ።

ሁዋንግ ቢንሆንግ ቻይናዊ የብሩሽ ጸሐፊና የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ነው። በ1865 ዠጂያንግ ግዛት ውስጥ ጂንሁዋ ከተማ ተወለደ፣ በ1955 ሃንግዦ ውስጥ አረፈ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዘጠና ዓመት ኖሯል ማለት ነው። የሚገርመው ግን ዕድሜው አይደለም። ዛሬ ስሙ የሚነሳባቸው ሥዕሎች በአብዛኛው ከሰባ ዓመቱ በኋላ የተሠሩ ናቸው። ምርጦቹ ደግሞ ሰማንያን ካለፈ በኋላ መጡ። ሌላው ሰው እጁን አጣጥፎ በሚቀመጥበት ዕድሜ እሱ ገና ወደ ጥልቁ እየገባ ነበር።

የመጨረሻ ዘመን ሥዕሎቹን መጀመሪያ ያየ ሰው ግር ይለዋል። ጥቁር ናቸው። ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው። ቀለም የተደፋባቸው ይመስላሉ። ጠጋ ስትሉ ግን በጥቁሩ ውስጥ እያንዳንዱ ጭረት ለብቻው ይታያል፤ የት ተነስቶ የት እንዳረፈ ይለያል። እኔ እንደማምነው ያ ጥቁረት የመጣው ከእጅ ጽሕፈቱ ነው። ተራራውን ጻፈው እንጂ አልቀባውም። ይህን በዓይን ማየት አልበቃኝም፣ በእጄ ልሞክረው።

ማክሰኞ፣ ዕቃ ዝግጅት

ወረቀቱ ሹዋን ይባላል። የሚሠራው አንሁይ ግዛት፣ ጂንግ ወረዳ ውስጥ ነው። ጥሬ ዕቃው ቺንግታን የሚባል ዛፍ ልጥና የሩዝ ገለባ ነው። ሁለት ዓይነት አለው። አንዱ በአሉም ውሃና በሙጫ የታሸ ነው፣ ቀለም ቶሎ አይጠጣም። ሌላው ጥሬ ነው፣ ጠብታ ሲነካው ወዲያው ይጠጣል፤ ቀለሙም ይሰፋል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ጥሬው ነው። ምክንያቱን ወደ ኋላ ታዩታላችሁ።

ቀለሙ ጠጣር ነው፣ እንደ አጭር ዱላ የተቀረጸ። ውስጡ የጥድ ወይም የዘይት ጥላሸትና ከእንስሳት የሚወጣ ሙጫ ነው። የኛ የብራና ጸሐፊዎችም ጥቁር ቀለማቸውን የሚያወጡት ከጥላሸት ነውና ነገሩ ለኛ ሩቅ አይደለም። ልዩነቱ የቻይናው ደርቆ መቀመጡና በተፈለገ ቁጥር በድንጋይ ላይ መፈጨቱ ነው።

የሁዋንግ አባቶች አገር አንሁይ ውስጥ ያለው የሼ ወረዳ ነው፣ ታንዱ የሚባል መንደር። ይህ አካባቢ ለሊቃውንት ጠረጴዛ የሚሆን ዕቃ በሙሉ የሚወጣበት ነው። የሁይ ቀለምና የሼ ቀለም መፍጫ ድንጋይ ቻይና ውስጥ የታወቁ ናቸው፣ የሹዋን ወረቀቱ ቦታም ሩቅ አይደለም። ሁዋንግሻን ተራራም እዚያው አጠገብ ነው። ሁዋንግ ይህን ተራራ ዘጠኝ ጊዜ እንደወጣው ይነገራል። ሰውየው ቀለሙም ተራራውም ከአንድ አፈር ነው የተገኙለት።

ከወረቀቱ ሥር አሮጌ የሱፍ ብርድ ልብስ አነጠፍኩ። ለውሃ ሁለት ሲኒ፣ ለቀለም ነጭ ሳህን። ብሩሾቹ አንዱ ከፍየል ፀጉር ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ውሃ ይይዛል። ሌላው ጠንከር ያለ የአውሬ ፀጉር ነው፣ ተጭነውት ሲለቁት ቀጥ ይላል።

ማክሰኞ ማታ

ቀለም መፍጨት ጊዜ ይወስዳል፣ መውሰድም አለበት። ድንጋዩ ላይ ጥቂት ጠብታ ውሃ ታደርጋላችሁ። ዱላውን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ሳትጫኑ፣ ክብ እየሠራችሁ ታሻላችሁ። መጀመሪያ ውሃው ግራጫ ይሆናል። ቆይቶ ይጠቁራል፣ ድምፁም ይለወጣል፤ መፈግፈጉ ቀርቶ ዝም ይላል። ዱላው ያለፈበት መንገድ ወዲያው ካልተዘጋ ቀለሙ ደርሷል።

ረቡዕ፣ ከሥዕል በፊት ጽሕፈት

ዛሬ ተራራ የለም። ዛሬ መጻፍ ብቻ ነው።

ሁዋንግ ከሠዓሊነቱ በላይ ምሁር ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ጥንታዊ ማኅተሞች ይሰበስብ ነበር። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በነሐስ ዕቃና በማኅተም ላይ የተቀረጹ ፊደላትን ዕድሜውን ሙሉ አጥንቷል። የራሱ የብሩሽ ጽሕፈትም ከዚያ የተቀዳ ነው። የነሐስ ጽሕፈት መስመሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ውፍረት አለው። ጫፉ አይታይም፤ ብሩሹ መጀመሪያ ወደ ኋላ ይሄድና ነው ወደ ፊት የሚነሳው። ሲጨርስም ወደ መጣበት ይመለሳል። ብልጭ ድርግም የሚል ጌጥ የለውም።

ስለ ብሩሽ አያያዝ አምስት ነገር ያስተምር ነበር። መጀመሪያው እኩልነት ነው፣ ወስፌ አሸዋ ላይ ሲያሰምር እንደሚሆነው። ሁለተኛው ያዝ ማድረግ ነው፣ ጣራ አፍስሶ ግድግዳ ላይ እንደሚወርድ ውሃ። ሦስተኛው ክብነት ነው፣ ተጣጥፎ የማይሰበር የፀጉር መያዣ ሽቦ። አራተኛው ክብደት። አምስተኛው ለውጥ። ምሳሌዎቹን እሱ አልፈጠራቸውም፣ ከሱ በፊት የነበሩ የጽሕፈት መምህራን ሲቀባበሏቸው የኖሩ ናቸው። እሱ ግን የጽሕፈቱን ሕግ ሳይቀንስ ወደ ተራራ፣ ወደ ዛፍ፣ ወደ ድንጋይ አመጣው።

ከአምስቱ ሁለተኛው ላይ ብዙ ሰዓት ቆየሁ። ጣራ ያፈሰሰበትን ግድግዳ ያየ ሰው ያውቀዋል። ውሃው ቀጥ ብሎ አይወርድም። ይቆማል፣ ይጠራቀማል፣ ትንሽ ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ደግሞ ይወርዳል። በብሩሽ ይህን ለማግኘት እጅ ወደ ፊት ሲገፋ ክንድ ወደ ኋላ መያዝ አለበት። ወረቀቱ ጥሬ ስለሆነ ደግሞ እጅ ከቆመ ቀለሙ ወዲያው ይሰፋና ክብ ጠባሳ ይሠራል። ስለዚህ መቆምም መሮጥም አይቻልም። በጣም በዝግታ፣ ግን ሳይቋረጥ መሄድ ነው። የወጣውን መስመር በአጉሊ መነጽር አየሁት። ዳርና ዳሩ ሸካራ ነው። ብሩሹ በያዘበት ቦታ ሁሉ ትንሽ ጉብ ያለ ጥቁር አለ፤ በመካከሉ ቀለሙ ሳስቶ የወረቀቱ ጭረት ይታያል። በፍጥነት የተሳበው መስመር አጠገቡ ነው ያለው፤ ዳሩ ለስላሳ ነው፣ ውስጡም ባዶ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ሁዋንግ ለምን ይህን ያህል እንደደከመበት ይገባዋል።

ሐሙስ

ዛሬም ጽሕፈት። እጅ እስኪለምደው ድረስ ሌላ ነገር መጀመር ትርጉም የለውም።

ማታ ስለ ሕይወቱ ያለኝን ማስታወሻ እያስተካከልኩ ነበር። ጭምት ሽማግሌ አድርገን እንዳናስበው ይሄን ልጻፍ። ወጣት ሳለ፣ ያኔ ቻይናን ይገዛ በነበረው በቺንግ ሥርወ መንግሥት ላይ ለውጥ ከሚፈልጉት ወገን ነበር። በ1906 በሼ ወረዳ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ማኅበር አቋቋመ። በማግስቱ ዓመት አብዮተኛ ነው ተብሎ ተጠቆመና ወደ ሻንጋይ ሸሸ። እዚያም ሠላሳ ዓመት ያህል ቆየ። መጽሔት አዘጋጀ፣ የጥንት ሥዕሎችን ቅጂ አሳተመ፣ ደንግ ሺ ከሚባል አሳታሚ ጋር ሆኖ ስለ ሥነ ጥበብ የተጻፉ የቆዩ ጽሑፎችን ሰብስቦ በተከታታይ አወጣ። በዚህ ሥራ ምክንያት ሌላ ሠዓሊ በሕይወቱ የማያየውን ያህል የጥንት ሥዕል በእጁ አልፏል።

እኔ ይሄ ነገር በሥዕሉ ውስጥ ይታየኛል። ቸኩሎ የመጣ ሰው አይደለም። ከኋላው አንድ ሺህ ዓመት የሚሆን ሥዕል ቆሟል።

ቅዳሜ ጠዋት፣ የመጀመሪያው መስመር

ዛሬ ተራራው ተጀመረ።

ከታች በቀኝ ድንጋዮች፣ ከነሱ በላይ ዛፎች፣ መሐል ላይ ሁለት ጣራ፣ ከዚያ ተራራው ወደ ግራ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ከላይ በቀኝ ባዶ ቦታ ተውኩ፣ ጽሑፍ ይገባበታል። ቀጭን ቀለም ብቻ ነው የተጠቀምኩት። መስመሩ ሁሉ እንደ ረቡዕ ጽሕፈት ነው፤ እኩል፣ ያዝ ያለ፣ ክብ።

በዚህ ደረጃ ሥዕሉ የሱን የቀድሞ ሥራ ይመስላል። የቻይና ሰዎች የሁዋንግን ሕይወት ለሁለት ይከፍሉታል፤ "ነጩ ቢንሆንግ" እና "ጥቁሩ ቢንሆንግ" ይሉታል። ነጩ የሺንአን ሠዓሊዎችን ተከታይ ነው። ሺንአን የዚያው የአባቶቹ አገር የቆየ ስም ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እነ ሆንግረን እዚያ ሁዋንግሻንን በጥቂት ደረቅ መስመር፣ በብዙ ባዶ ቦታ ይሥሉት ነበር። ሁዋንግም ብዙ ዓመት በዚያው መንገድ ሄደ። ንጹሕና ጭር ያለ ሥዕል ነው።

ብዙ ተመልካች ነጩን ይመርጣል። ዓይን አያስቸግርም። እኔ ጥቁሩን እመርጣለሁ፣ ግን ጥቁሩ ያለ ነጩ አይቆምም። ከሥር ያለው መስመር ሰነፍ ከሆነ ከላይ ምን ቢደረብ አያድነውም።

ቅዳሜ ከሰዓት

ለዛፎቹ ቅጠል ነጥብ። ለድንጋዮቹ ጥቂት አጫጭር ጭረት። ከዚያ ወረቀቱን ለቀቅኩት። ይድረቅ።

እሑድ፣ ዝናብ ያስተማረው

ቀለም መደረብ ከመጀመሬ በፊት ይሄ ጥቁረት ከየት እንደመጣለት መጻፍ አለብኝ።

በ1932 እና 1933 ሁዋንግ ሲቹዋን ግዛት ውስጥ ተዘዋወረ። ወደ ሰባ ዓመት እየተጠጋ ነበር። ቺንግቼንግ ተራራ ላይ ሳለ ዝናብ ያዘው። ሌላ ሰው መጠለያ ይፈልግ ነበር። እሱ ተቀምጦ ተራራው ሲረጥብ አየ። ውሃው በድንጋዩ ላይ ሲወርድ ጥቁሩ በጥቁር ላይ ሲደራረብ፣ ዳሩ ሲጠፋና ሲመለስ ተመለከተ። ከዚህ ጉዞ በኋላ የዝናቡ ተራራ በተከታታይ ሥዕሎች ወጣ። ቀለሙ እንደ ውሃው ከላይ ወደ ታች የሚንጠባጠብባቸው ናቸው።

ሁለተኛው ቦታ ያንግዜ ወንዝ ላይ ያለው የቹታንግ ገደል ነው። ሌሊት ነው፣ ጨረቃ አለች። በባይዲ ከተማ አጠገብ እየሄደ ተራሮቹን በጨለማ አየ። ጨለማው ተራራውን አላጠፋውም። እንዲያውም የት ጋ ጥልቀት እንዳለ፣ የት ጋ ብርሃን እንደሚሾልክ ከቀኑ በላይ ጉልህ ሆነለት። በእጁ እየዳሰሰ ንድፍ ወሰደ፣ ጠዋት ሲያየው ተራራው እዚያው ወረቀቱ ላይ ነበር። ስለ ሰሜን ሶንግ ዘመን (ከ10ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን) ሥዕሎች ሲጽፍ በሌሊት ተራራ ላይ መሄድን ይመስላሉ ብሏል። አሁን እሱም በሌሊት ሄዶበታል።

ሰኞ፣ ተደራራቢ ቀለም

ስለ ቀለም አያያዝ ሰባት መንገድ ይቆጥር ነበር። ወፍራም ቀለም፣ ቀጭን ቀለም፣ የተሰበረ ቀለም፣ የተረጨ ቀለም፣ ተደራራቢ ቀለም፣ ደረቅ ቀለም፣ ያደረ ቀለም። ለኔ ተራራ ዋናው አምስተኛው ነው።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ቀጭን ቀለም ታደርጋላችሁ፣ ይደርቃል። ትንሽ ጠቆር ያለ ትደርባላችሁ፣ ይደርቃል። ደግሞ ትደርባላችሁ። ጨዋታው ያለው ሁለተኛው ጭረት የመጀመሪያውን እንዳይሸፍነው ነው። በመካከላቸው መግባት አለበት፤ አንዳንዱ መንካት፣ አንዳንዱ ማለፍ።

ሁለት ቁራጭ ወረቀት ላይ ለየብቻ ሞከርኩ። በአንዱ የታችኛው ሳይደርቅ ደረብኩበት። ቀለሞቹ ተቀላቅለው አንድ ግራጫ ሆኑ፤ ጭጋግ ለመሥራት ጥሩ ነው፣ ለድንጋይ አይሆንም። በሁለተኛው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠበቅኩ። እዚህ ላይ ጥሬው ወረቀት ጉዱን አሳየ። ከላይ የተደረበው ጥቁር ጭረት የታችኛውን ቀጭን ጭረት አልበላውም። ቀድሞ የተሠራው ከላይ ያለ ይመስላል! ምክንያቱ ሙጫው ነው። የመጀመሪያው ቀለም ሲደርቅ ሙጫው የወረቀቱን ቀዳዳ ዘግቶታል። አዲሱ ቀለም እዚያ ጋ መግባት አቅቶት በዙሪያው ይሰፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጭረት ዳሩን ይዞ ይቀራል። ያ "የተደፋ" የሚመስለው ጥቁር ውስጥ ጭረቶቹ ለምን እንደማይጠፉ መልሱ እዚህ ነው። በታሸ ወረቀት ይሄ አይገኝም።

ከዚህ በኋላ ወደ ትልቁ ወረቀት ሄድኩ። ከግራው ገደል ጀመርኩ።

ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ

መደረብ። መጠበቅ። መደረብ። አየሩ እርጥብ ስለሆነ መድረቁ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። በፀጉር ማድረቂያ ማፍጠን ይቻላል፣ ግን ቀለሙ ቀስ ብሎ ሲሰፋ የሚያወጣው ለስላሳ ዳር ይቀራል። መጠበቁን መረጥኩ።

ዓርብ፣ ነጩን መጠበቅ

አሁን ተራራው ጠቁሯል። ከዚህ በኋላ የሚሠራው ሥራ ያልተሠራውን መጠበቅ ነው።

ሁዋንግ ሥዕልን ከጎ ጨዋታ ጋር ያመሳስለው ነበር፣ በጥቁርና ነጭ ጠጠር ከሚጫወቱት። በጎ ውስጥ ጠጠሮቻችሁ በሕይወት እንዲቆዩ ክፍት ዓይን ያስፈልጋቸዋል፣ ጠላት ሊገባበት የማይችል ባዶ ቦታ። ሥዕልም እንደዚያ ነው ይላል፤ የሥዕሉ ዓይን ባዶው ነው። ዓይን የሌለው ጥቁር የሞተ ነው።

ይሄን በእጄ ሳገኘው በጣም ነው ደስ ያለኝ። በግራው ገደል ላይ፣ በጭረቶቹ መካከል፣ የስንዴ ፍሬ የሚያህሉ ነጭ ቦታዎች አሉ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምንም ያልነካቸው ወረቀት ናቸው። ዙሪያቸው በጠቆረ ቁጥር እነሱ ይበራሉ። ውሃ ይመስላሉ፣ ወይም በቅጠል መሐል የሚገባ ብርሃን። ነጭ ቀለም መቀባት ይህን አያመጣውም። ብርሃኑ የሚመጣው ባለመንካት ነው። ስለዚህ አሁን እያንዳንዱን ጭረት ከማሳረፌ በፊት የማየው ጭረቱን አይደለም፤ አጠገቡ ያለውን ነጭ ነው።

ከወረቀቱ ራቅ ብዬ በሩ ጋ ቆሜ አየሁት። ከቅርብ ሲታይ የጭረት ጫካ ነው። ከሩቅ ገደል አለ፣ ጎድጓዳ አለ፣ ከጎድጓዳው የሚወጣ መንገድ አለ። በ1943 ፉ ሌይ ሻንጋይ ውስጥ የሁዋንግን ዐውደ ርዕይ አዘጋጀ። ፉ ሌይ የፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ ተርጓሚ ነው። ዐውደ ርዕዩ የሁዋንግን ሰማንያኛ ዓመት ለማክበር ነበር (በቻይና ልማድ ዕድሜ ከፍ ተደርጎ ይቆጠራል)፣ ለብቻው ሥራዎቹን ሲያሳይም የመጀመሪያው ነው። ሥዕሎቹ ለብዙ ተመልካች አዲስ ስለነበሩ ፉ ሌይ እንዴት እንደሚታዩ ጭምር ጻፈላቸው፤ ራቅ ብሎ ማየትን አስረዳ። ሠዓሊው ራሱ በዐውደ ርዕዩ አልተገኘም። ከ1937 ጀምሮ ጃፓኖች በያዟት ቤይጂንግ ውስጥ ነበር። ወደዚያ የሄደው የቤተ መንግሥቱን ሙዚየም ሥዕሎች ሊመረምር ነው፣ ከተማዋ ስትያዝ እዚያው ቀረ። እስከ 1948 አልወጣም። የነሐስ ጽሕፈት እያጠና፣ እየጻፈ፣ ከበሩ ብዙም ሳይርቅ ኖረ። ጥቁሩ ቢንሆንግ የበሰለው በነዚያ ዓመታት ነው።

ቅዳሜ፣ ያደረ ቀለም

ማክሰኞ የፈጨሁትን ትርፍ ቀለም በሳህን ትቼው ነበር። አሁን ይሸታል፤ ሙጫው መበላሸት ጀምሯል። ጥላሸቱ ከሙጫው ተለይቶ ደቃቅ ጠጠር ሆኗል። ሌላ ሰው ይደፋዋል። ሁዋንግ ግን በመጨረሻ ዓመታቱ የወደደው ይሄንን ነው።

በቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ ነጥብ አሳረፍኩ። መሐሉ ድብን ያለ ጥቁር ሆኖ ባለበት ቆመ። ዙሪያውን ፈዛዛ ግራጫ ቀለበት ወጣ፤ ውሃው ጥላሸቱን ጥሎ ብቻውን የሄደበት ነው። ትኩስ ቀለም እንዲህ አይሆንም። በተራራው ጥልቅ ቦታዎች ላይ እነዚህን ነጥቦች በጥንቃቄ ጣልኩ። ብዙ አይፈልግም። ሲበዛ ይቆሽሻል።

የመጨረሻው እርምጃ ንጹሕ ውሃ ነው። ትልቁን የፍየል ፀጉር ብሩሽ አጥቤ፣ ውሃ ብቻ ይዤ፣ በጭረቶቹ ላይ አሳለፍኩት። ሁዋንግ ይህን የሚያደርገው የተበታተኑትን ጭረቶች አንድ አየር ውስጥ ለማስገባት ነው። ገደሉ ወዲያው እርጥብ ሆነ። ቺንግቼንግ ላይ ያየውን ዝናብ ማለት ነው።

እሑድ ማታ፣ ዓይን

በ1948 ሃንግዦ ከተማ ገባ፣ በዚያ ያለው የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ውስጥ ለማስተማር። ቤቱ ከምዕራብ ሐይቅ አጠገብ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ያዘው። ማየት አቃተው ሊባል በሚችል ደረጃ ላይ እያለም መሣሉን አላቆመም። የዚያ ጊዜ ሥዕሎቹ መስመራቸው የተጠላለፈ ነው፤ ዛፉ ከድንጋዩ አይለይም። ግን ጭረቱ አልላላም፤ ያ የነሐስ ጽሕፈት እጅ እንዳለ ነው። በ1953 ቀዶ ሕክምና ተደረገለትና ብርሃኑ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሥራዎች ጥቁሩ ውስጥ ሁለት ዓይነት ዕውቀት ያለባቸው ይመስለኛል፤ ያየውና ሳያይ የሠራው።

መብራቱን አጥፍቼ በሻማ ብቻ፣ በሌላ ወረቀት ላይ ዛፍና ድንጋይ ሞከርኩ። ዛፎቹ ወጡ። የዛፍ ግንድ ረቡዕና ሐሙስ ስጽፈው የነበረው መስመር ስለሆነ እጄ መንገዱን ያውቃል። ገደሉ ግን አልወጣም፣ ምክንያቱም የገደሉ ነጭ ቦታዎች የሚጠበቁት በዓይን ነው። ይህ ከሱ የዕውር ዘመን ሥዕሎች ጋር ይገጥማል፤ መስመሩ ቀረ፣ ክፍት ቦታው ጠበበ። የጽሕፈት እጅ ያለ ዓይንም ይቆያል ብዬ የምለው ከዚህ ተነስቼ ነው።

ማክሰኞ፣ ትንሽ ቀለም

ጣራዎቹ ላይ ቀይ አፈር የመሰለ ቡናማ፣ ድንጋዮቹ ጀርባ ላይ ጥቂት ሰማያዊና አረንጓዴ ነጥብ። ሁዋንግ እነዚህን በጥቁሩ ላይ በነጥብ ይጥላቸዋል፤ አያለብሳቸውም። ጥቁሩን አይደብቁትም። ብዙ አልቆየሁበትም።

ረቡዕ፣ ጽሑፉ

በቻይና ሥዕል ላይ የሚጻፈው ጽሑፍ የሥዕሉ አካል ነው። ከላይ በቀኝ የተውኩት ባዶ ቦታ ለዚህ ነበር። የቻይንኛ ጽሑፍ እንደ ጌጥ ማስመሰል ለኔ ትክክል አይመስለኝም። በአማርኛ፣ በዚያው ብሩሽና ቀለም፣ ከላይ ወደ ታች ጻፍኩ፤ ዓመቱን፣ ወሩን፣ ከማን አሠራር እንደተማርኩት።

ፊደላችን ይህን ብሩሽ ይቀበላል። የ"ተ" ቀጥ ያለ ግንድ፣ የ"መ" ሁለት ክብ፣ የ"ሠ" ሦስት እግር በዝግታ ሲጻፉ ጣራ እንዳፈሰሰው ውሃ ያዝ ለቀቅ ይላሉ። ከተራራው ጭረት ጋር አልተጣሉም። ከጽሑፉ ሥር በቀይ የሸክላ ቀለም ትንሽ ማኅተም አኖርኩ።

ዓርብ፣ መለጠፍ

የቻይና ሥዕል ጀርባው ላይ ሌላ ወረቀት ካልተለጠፈለት እንደተጨማደደ ይቀራል። ሙጫው ከስንዴ ስታርች ይበሰላል። እዚህ ላይ ግን ያደረ ቀለም አደጋ አለው። ሙጫው ስለተበላሸ ጥላሸቱ ከወረቀቱ ጋር በደንብ አልተያያዘም፤ ውሃ ሲነካው ሊሮጥ ይችላል። ለዚህ የሚሆን ዘዴ አለ። ስታርቹ ሥዕሉ ላይ አይቀባም፤ የሚለጠፈው ወረቀት ላይ ይቀባል፣ ትርፉ እርጥበት ይወሰዳል፣ ከዚያ ሥዕሉ ደረቅ እንዳለ በላዩ ይነጠፋል።

እንደዚያ አደረግኩ። ከዚያ በደረቅ የዘንባባ መጥረጊያ ከመሐል ወደ ዳር ጠራረግኩት። ትኩስ ቀለሙ አንድም ቦታ አልተንቀሳቀሰም። ያደረው ቀለም ከግራ ገደሉ ግርጌ በአንድ ጎን ትንሽ ግራጫ ለቀቀ፤ እዚያ ጋ ጭጋግ ስላለ ይስማማል፣ አልነካውም። ነጮቹ ቦታዎች ንጹሕ ናቸው። ጭረቶቹን በአጉሊ መነጽር ደግሜ አየኋቸው፤ በገደሉ በጣም ጥቁር ቦታ ላይ እንኳ የመጀመሪያው ቅዳሜ ቀጭን መስመር ይነበባል።

ሁዋንግ ሲያርፍ ቤተሰቡ ሥዕሎቹን፣ ጽሑፎቹን፣ የሰበሰባቸውን ጥንታዊ ዕቃዎች ለመንግሥት ሰጠ፣ ከአሥር ሺህ በላይ ናቸው። ዛሬ በዠጂያንግ ሙዚየም ይገኛሉ፣ ሃንግዦ። በሕይወቱ ብዙ ገዢ ያልነበረው ሰው ነው። በ2017 የሁዋንግሻን ተራራን ያሠፈረበት አንድ የመጨረሻ ዓመቱ ሥዕል በቤይጂንግ ጨረታ 345 ሚሊዮን ዩዋን ወጣ። ሃንግዦ የሚሄድ ካለ ግን ዋጋውን ትቶ ሙዚየሙ ውስጥ ያሉትን ትናንሽ የጉዞ ንድፎች ይይ። የሱን መስመር ራቁቱን የምታዩት እዚያ ነው።

ቀጣዩ ወረቀት ትንሽ ነው፣ ደረቅ ቀለም ብቻ፣ ያለ ውሃ። ሥራው እንደገና ከነሐስ ጽሕፈት ይጀምራል።